ስለ አሮጌ የመስክ አውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ሕመም

አንበጣ ሌሊት አይበርም። ፀሐይ ስትጠልቅ መንጋው በዛፉና በቍጥቋጦው ላይ ይሰፍራል፤ ሲነጋም የሌሊቱ ብርድ አካሉን ስላደነዘዘው፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ 2 ወይም 3 ሰዓት ያህል ሞቆት እስኪፍታታ ድረስ ከማደሪያው አይነሣም። መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች ዋናውን ሥራቸውን የሚሠሩት በዚህች አጭር ጊዜ ነው። ይህች ጊዜ ካለፈች መንጋው ተነሥቶ ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳል፤ በአንድ ቀንም 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊርቅ ስለሚችል፣ ጠዋት በአንዱ ወረዳ ሳይገደል የቀረው ማታ የሌላውን ወረዳ ማሽላ ሲበላ ይገኛል። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖርበት ይችላል፤ የቀን ምግቡም 35,000 ሰው ከሚበላው ጋር እኩል እንደ ሆነ ተገምቷል። በ2012 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በአንበጣ ብዛት ምክንያት በከተማው ለማረፍ ተስኖት ወደ አዲስ አበባ ዞሮ መሄዱ የታወቀ ነው።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት የመስክ አውቶሞቢሉ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ቢል፣ የጠፋው የአንድ ሾፌር ጊዜ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ተጭኖ፣ ሠራተኛው ተዘጋጅቶ፣ ገበሬውም የመንጋውን ማደሪያ አሳይቶ ሳለ፣ ሁሉም በአንድ የዛገ ብሎን ምክንያት ቆሞ ይቀራል። የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኖ ወደ ጀልዴሳ ወይም ወደ ዋሂል ለሚሄደው መኪናም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በረዶው መኪናው እስኪጠገን ድረስ አይጠብቅምና።

በቀድሞው ዘመን የመኪና መነሣትና የኤሌክትሪክ ነገር እንዲህ የተሳሰሩ አልነበሩም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ባደረሰ ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ሞተሪኖ ገና በአውቶሞቢሎች ላይ አልተለመደም ነበር፤ ሞተሩን የሚያዞረው የሰው ክንድ ነበር። በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው ላንድ ሮቨር እንኳ ሞተሪኖ እያለው የእጅ ማዞሪያ ብረትም ነበረው። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ አንበጣ ለማጥፋት በላንድ ሮቨር ላይ የተተከለው መርጫ መድኃኒቱን የሚበትነው በሞተሩ ጢስ ኀይል ነበር። ዛሬ ግን በመኪና ላይ ከሚጫኑት መርጫዎች አንዳንዶቹ ከመኪናው ባትሪ በ12 ቮልት የሚሽከረከሩ ናቸው። ስለዚህ ባትሪው ሲደክም መኪናው ብቻ ሳይሆን መርጫውም አብሮ ይደክማል።

በየወረዳው ያሉት መኪኖች ደግሞ ወጣቶች አይደሉም። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው አሮጌው ላንድ ክሩዘር፣ ከ1977 ዓ.ም. በኋላ የተከተለው ሰባ የሚባለው ዓይነት፣ አልፎ አልፎም ላንድ ሮቨር ገና በሥራ ላይ ይገኛሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ለዚህ ጥበብ ድሬዳዋ እንግዳ ከተማ አይደለችም። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከደረሰባት ጊዜ አንሥቶ የባቡሩ ወርክሾፕ ብዙ የብረትና የሞተር ሠራተኞችን አፍርቷል። በጋራዦቿ የሚሰማው ቋንቋ ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው፤ ሾፌርና ጋራዥ ከፈረንሳዮች፣ ሞተሪኖና ካንዴላ ፍሬቻም ከጣልያኖች፣ ፊውዝ ከእንግሊዞች የተወረሱ ቃላት ናቸው። ዳሩ ግን የሠራተኛው ዕውቀት የሚጠቅመው መኪናው ወደ ከተማ ሲደርስለት ነው። መኪናው በሽኒሌ ሜዳ ወይም በደንገጎ ዳገት ላይ ቢቆም፣ ሾፌሩና ሾፌሩን የሚያዝዘው ሹም ጥቂት ነገር ማወቅ ይገባቸዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ኤሌክትሪክ ሄዶ ካልተመለሰ ሥራ የማይሠራ መሆኑ ነው። የመስኖ ውኃ ከቦዩ ወጥቶ እርሻውን አጠጥቶ እዚያው ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከባትሪው አንድ ጫፍ ወጥቶ፣ በመብራቱ ወይም በሞተሪኖው አልፎ፣ ወደ ባትሪው ሁለተኛ ጫፍ መመለስ አለበት። መሐንዲሶች ሽቦ ለመቈጠብ ሲሉ የመመለሻውን መንገድ በመኪናው ብረት ላይ አደረጉት፤ ባለ ጋራዦች «ማሳ» የሚሉት ይህን ነው። የመሄጃው ሽቦ በቀለም የተለየ፣ በጎማ የተሸፈነ፣ በፊውዝ የተጠበቀ ሲሆን፣ የመመለሻው መንገድ ግን ጭቃ፣ ቀለም፣ ዝገትና ዘይት በሚነካው ብረት ላይ የታሰረ አንድ ብሎን ነው። ሰው ሁሉ የመሄጃውን ሽቦ ይመረምራል፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመመለሻው ላይ ነው።

ላንድ ሮቨር በዚህ ነገር የባሰ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ስላነሰ፣ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲው ግን ከብረት ተሠራ። አሉሚኒየምና ብረት ርጥበት ባገኛቸው ጊዜ መገናኛቸው ይበላል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ያወጣል፤ ያም ዱቄት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በዚህ ምክንያት ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት አብሮ ቢርገበገብ፣ ፍሬን ሲያዝ ሌላው መብራት ቢደበዝዝ ወይም ክላክስ ሲነፋ የዳሽቦርዱ መርፌ ቢዘል፣ ማሳው ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላው መብራት ገመድ ለመመለስ የሚሞክር መሆኑን ያስረዳል። እንዲህ ያለ መኪና አዲስ አምፖል ቢገዛለትም አይድንም። የመብራቱ ማሳ የታሰረበት ብሎን ይፈታ፤ ሥሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይጽዳ፤ ከታሰረም በኋላ ዳግመኛ እንዳይዝግ ከላይ ግራሶ ይቀባ።

መብራቱ ደኅና በርቶ ሞተሪኖው የማይዞርበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው ያደናግራል። «መብራቱ ከበራ ባትሪው ደኅና ነው፤ የተበላሸው ሞተሪኖው ነው» ተብሎ ሞተሪኖው ይወርዳል፤ ወርዶም ሲፈተሽ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ምሥጢሩ በሒሳብ የሚገለጥ ነው። አንድ የፊት መብራት የሚፈልገው 4 ወይም 5 አምፔር ብቻ ሲሆን፣ የናፍጣ መኪና ሞተሪኖ ግን 200 አምፔርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። በመንገዱ ላይ ከአንድ ኦም መቶኛው እጅ ብቻ የሚሆን መሰናክል ቢኖር፣ መብራቱ ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ ከሞተሪኖው ግን 2 ቮልት ይቀማዋል። ጠባብ በር ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ለሠርገኛ ግን አይበቃም።

ይህን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ምንም መለኪያ የማይፈልግ ነው፤ ይኸውም ከመኪና ወደ መኪና ባትሪ የሚዋዋሱበትን ወፍራም ሽቦ ወስዶ፣ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሁለተኛውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ላይ ቀለም በሌለበት ቦታ ማያያዝና ቁልፉን ማዞር ነው። ሞተሪኖው በዚያ ጊዜ ቢዞር፣ የታመመው ሞተሩን ከሻንሲውና ከባትሪው የሚያገናኘው የማሳ ገመድ እንጂ ሞተሪኖው አይደለም። ሞተር በጎማ ትራስ ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ ያ ገመድ ከተበጠሰ ወይም ከላላ ሌላ ደኅና መመለሻ የለውም። ሁለተኛው መንገድ በቮልት መለኪያ ነው። መለኪያው በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍና በሞተሩ ብረት መካከል ተይዞ ሰው ቁልፉን ሲያዞር፣ ቍጥሩ ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። በፖዘቲቩ በኩል ያለውም እንዲሁ ይለካል። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል የሚገኘው ደግሞ ከ10 ቮልት እጅግ ካነሰ፣ በዚያን ጊዜ ባትሪውን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ባትሪ በድሬዳዋ ዕድሜው ያጥራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቈላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ በኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ በደጋ አገር አራት ዓመት ያገለገለ ባትሪ በዚህ ሁለት ዓመት ቢያገለግል ሾፌሩን ወዲያው መውቀስ አይገባም። የሚያስወቅሰው ውኃው ነው። ሙቀት የባትሪውን ውኃ ያተንናል፤ የጐደለውም በተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ መሞላት አለበት። የድሬዳዋ ውኃ ከኖራ ድንጋይ መካከል የሚወጣ ስለ ሆነ በማንቈርቈሪያው ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች። የከተማዋ ሲሚንቶ ፋብሪካም የተሠራው ይኸው የኖራ ድንጋይ ስላለ ነው። ለሲሚንቶ መልካም የሆነው ለባትሪ መርዝ ነውና፣ የቧንቧ ውኃ በባትሪ ውስጥ ማፍሰስ በግልጽ ትእዛዝ መከልከል አለበት።

የባትሪን ጤንነት መለካት ቀላል ነው። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ምንም ሳይነሣ ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 ካነሰ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ተነሥቶ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ 13.8 እስከ 14.4 ድረስ ካልወጣ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም፤ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ሥራውን አልሠራም። በዚያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ነው፤ ላልቶ ወይም ተልጦ ከሆነ እየተንሸራተተ በከንቱ ይዞራል። በጥንቱ ላንድ ሮቨር ላይ ያለው ዲናሞ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ የሚሰጠው ኀይል እጅግ ጥቂት መሆኑም መታወቅ ይገባዋል። በኬላ ላይ መብራት አብርቶ፣ ሞተሩንም በቀስታ እያሠራ አንድ ሰዓት የቆመ ሾፌር ባትሪውን የሞላ መስሎት ያራቈተዋል። በኋላ የመጣው አልተርኔተር በዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ሽቦ መንቀል፣ አንዳንድ ሰዎች ለፍተሻ ብለው እንደሚያደርጉት፣ ውስጡን ያቃጥለዋል።

አንዳንድ የናፍጣ ላንድ ክሩዘሮች በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ይታሰሩባቸዋል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ከሚፈጸሙት ጥፋቶች ሁሉ የበዛው፣ ሬዲዮ ወይም የስልክ መሙያ በ12 ቮልት ብቻ ስለሚሠራ ከአንዱ ባትሪ ብቻ መስመር መሳብ ነው። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ብቻ ሌሊቱን ሲያርስ ቢያድር በማግሥቱ ጥማዱ አይሄድም። አንደኛው ባትሪ እየተራቈተ፣ ሁለተኛው ከመጠን በላይ እየተሞላ ሁለቱም ይሞታሉ፤ የተበላሸው አንዱ ነው ተብሎ አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር ሲጠመድም አዲሱ በጥቂት ወራት ያረጃል። መቀነሻ መሣሪያ ገዝቶ ማስገባት ከባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው፤ ባትሪም ሲለወጥ ሁለቱ በአንድ ላይ ይለወጡ።

ለጥንታዊ ላንድ ሮቨር ባለቤቶች አንድ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ1959 ዓ.ም. ገደማ በፊት የተሠሩት ላንድ ሮቨሮች ማሳቸው ኔጌቲቭ ሳይሆን ፖዘቲቭ ነበር። በዛሬው ልማድ የሠለጠነ ወጣት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ባትሪውን በተለመደው መንገድ ቢያስገባ ጉዳት ያደርሳል። በኋላ ማሳው የተለወጠለትም መኪና ብዙ ስለ ሆነ፣ የመኪናውን ዕድሜ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ከባትሪው የሚወጣው ወፍራም ገመድ ከሻንሲው ላይ የታሰረው የትኛው እንደ ሆነ አሮጌው ባትሪ ከመውጣቱ በፊት ይታይ፤ በኮፈኑም ውስጥ በቀለም ይጻፍ።

ባትሪው ማታ ደኅና ሆኖ ጠዋት ባዶ ሆኖ የሚገኝበት መኪና ሌባ አለበት ማለት ነው። 5 ዋት የምትሆን ትንሽ አምፖል እንኳ ሳትጠፋ ብትቀር ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪን በስድስት ቀን ያህል ትጨርሳለች። ሌባውን ለመያዝ ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ በሩም ተዘግቶ፣ የኔጌቲቩ ሽቦ ከባትሪው ተፈትቶ በመካከሉ አምፔር መለኪያ ይገባል፤ ቁልፉ ግን በዚያ ጊዜ ፈጽሞ አይዞርም፤ መለኪያው ይቃጠላልና። ቍጥሩ ከ0.05 አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ አንዱ ሲነቀል ቍጥሩ ከወረደ ሌባው በዚያ ፊውዝ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ተነቅለው ቍጥሩ ካልወረደ ደግሞ አልተርኔተሩ ወይም በኋላ የተጨመረ ሽቦ ይጠረጠር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፋብሪካው ጋር የመጣው መሣሪያ ሳይሆን በኋላ የተጨመረው ነው፤ ሬዲዮ፣ መኪና መከታተያ፣ ተጨማሪ መብራት፣ ሁሉም በናስትሮ ተጠቅልሎ ከባትሪው ላይ በቀጥታ የታሰረ።

ስለ ፊውዝ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በተቃጠለው ፊውዝ ፈንታ የሲጋራ ወረቀት ብርና ምስማር የሚያስገባ ሰው ቤቱ እንዳይቃጠል የተሠራውን መቀርቀሪያ አውልቆ እንደ ጣለ ይቈጠራል። መኪናው መድኃኒትና ነዳጅ የሚጭን ሲሆን ነገሩ ከጥፋት አልፎ ወንጀል ይሆናል።

ሞተሪኖው ደኅና እየዞረ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ መኪናው ቤንዚን ወይም ናፍጣ መሆኑ መንገዱን ይለያል። በአሮጌው የቤንዚን ላንድ ሮቨር መጀመሪያ የሚታየው እሳት የሚቈርጠውና የሚቀጥለው ነጥብ ነው፤ ክፍተቱ በባለ 2.25 ሊትሩ ሞተር 0.35 እስከ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ የቈላው አቧራ ቶሎ ስለሚያቈሽሸው በንጹሕ ወረቀት ይጠረግ። የናፍጣ መኪና ግን በመጭመቅ እንጂ በእሳት ብልጭታ አይሠራም፤ ጠዋት በደጋ ሲበርደው የማሞቂያ ካንዴላ ይፈልጋል። በአሮጌው የናፍጣ ላንድ ሮቨር እነዚህ ማሞቂያዎች እንደ መቍጠሪያ በአንድ ክር የተሰኩ ስለ ሆኑ አንዱ ሲቃጠል አራቱም ይቆማሉ። በብዙ ላንድ ክሩዘሮች ደግሞ በናፍጣው ፓምፕ ላይ ነዳጁን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቁልፍ አለ። የማስነሻው ቁልፍ ሲከፈት ከፓምፑ በኩል ቀጭን የ«ጠቅ» ድምፅ ካልተሰማ፣ ያች ሽቦ ወልቃለች ወይም ተበጥሳለች። በዚህች በአንዲት ሽቦ ምክንያት መኪናዎች ብዙ ኪሎ ሜትር ተጐትተው ወደ ከተማ መጥተዋል።

ጐርፍ ውስጥ የገባ መኪና ነገር ለብቻው ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ነፍስ ባጠፋበት ጊዜ እንደ ታየው፣ የዚህ አገር ደረቅ ወንዝ በደጋ በዘነበ ዝናብ በድንገት ይሞላል። ውኃ የገባበት መኪና ከመነሣቱ በፊት ባትሪው ይፈታ፤ ደለሉ ሳይደርቅ የሽቦ መገናኛዎቹ በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ፤ በፀሐይ ይድረቁ። ቶሎ ይነሣ ብሎ ቁልፍ ማዞር ከጐርፉ የተረፈውን ያጠፋል።

የወረዳው ሹም በዚህ ሁሉ የሚኖረው ሥራ ፒንሳ መያዝ ሳይሆን የግዥ ወረቀት ሲቀርብለት መጠየቅ ነው። «ባትሪ ሞቷል፣ ይገዛ» የሚል ማመልከቻ ሲመጣ አራት ቍጥሮች አብረው ይጻፉ፤ መኪናው ካደረ በኋላ ባትሪው ስንት ቮልት እንዳሳየ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ስንት እንደ ወረደ፣ ሞተሩ ሲሠራ ስንት እንደ ወጣ፣ በማሳው ላይም ስንት እንደ ጠፋ። እነዚህ የሌሉበት ማመልከቻ ይመለስ። ቮልት መለኪያ መሣሪያ ከአንድ ባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነውና ለየመኪናው አንድ ቢገዛ ወጪው አይበዛም። ባትሪ የተገባበት ቀን በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ አንድ መኪና በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ከበላ ጥያቄው «ባትሪው ለምን ሞተ» መሆኑ ቀርቶ «መኪናው ለምን ይገድላል» ይሁን።

የአንበጣ ወሬ በደረሰ ማታ ደግሞ ሾፌሩ ከመተኛቱ በፊት ባትሪውን ይለካ፤ የባትሪውን ሁለት መቆንጠጫዎች በእጁ ነቅንቆ ይይ፤ የሚወዛወዝ ካለ ያጥብቅ፤ ወፍራሙንም ሽቦ ከመቀመጫው ሥር ያኑር። ማርሹ በእጅ የሚገባ መኪና ከሆነ አፉን ወደ ቍልቍለት አዙሮ ያቁመው፤ ሞተሪኖው ባይታዘዝም በግፊ ይነሣልና።